ለግራኙ የቀኝ ዘብ

ሬይ ኮዋልቺክ የቤልፎርድ አንጥረኞች ክለብ ዋና ሥራ አስኪያጅ ከሆነ ወዲህ ከሚስቱ በቀር ያልዋሸው ሰው የለም። አይፈረድበትም። በአሜሪካ እግር ኳስ መንደር ሚያዝያ የውሸት ወር ነው። ክለቦቹ ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡትን ተጫዋቾች በየተራቸው የሚመርጡበት ቀን እስኪያልፍ ድረስ እውነት የሚናገር ሥራ አስኪያጅ ቢገኝ፣ ባልደረቦቹ ሐኪም ይጠሩለታል።

የዘንድሮው የሬይ ውሸት ግን ለነፍስ ያለ ነው። የቡድኑ ኳርተርባክ፣ ኳሱን እየወረወረ ጨዋታውን የሚመራው ዳሪን ኪትል፣ ግራኝ ነው። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ወርዋሪ ክንዱን ሲያነሳ ጀርባውን የሚሰጠው ለግራ በኩል ነው፤ ስለዚህ ተጋጣሚ ከጀርባው መጥቶ እንዳይጥለው አገር ሁሉ ምርጡን ጋሻ ጃግሬ በግራ ያቆማል። ዳሪን ግን ጀርባውን የሚሰጠው ለቀኝ ነው። ከሬይ በፊት የነበረው ሥራ አስኪያጅ ይህን ነገር ልብ ሳይል፣ እንደ ወጉ በግራ በኩል ግንብ የሚያህል ሰው አቁሞ፣ በቀኝ በኩል አንድ ጨዋ ልጅ ትቶ ሄደ። የልጁ ጨዋነት ደግሞ ለተጋጣሚም መንገድ እስከ መልቀቅ ይደርሳል።

ዳሪን ባለፈው ዓመት ስልሳ ሦስት ጊዜ ከጀርባው ተመትቶ ወደቀ። ሐኪሙ ፎቶግራፉን ብርሃን ላይ ሰቅሎ ለሬይ አሳየውና፣ "ይሄ ጀርባ እንዲህ ያለ ሁለተኛ ዓመት አይችልም። ከዚያ በኋላ ልጁ እንኳን ኳስ፣ የራሱን ልጅ አያነሳም" አለው። ሬይ ያን ቀን መኪናው ውስጥ ገብቶ ቁልፉን ሳያዞር ግማሽ ሰዓት ተቀመጠ። ዳሪንን ይወደዋል፤ ሌላ ምንም ምክንያት አልነበረውም።

መድኃኒቱን ነብራስካ ውስጥ፣ አንድ የበቆሎ እርሻ ዳር አገኘው። ኦቶ ሽሎተርቤክ ይባላል። ክብደቱ መቶ ሃምሳ ኪሎ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ በቀኝ በኩል ብቻ ነው የቆመው፤ ወደ ግራ ካዛወሩት በገዛ እግሩ ይደነቃቀፋል። ሌሎቹ ክለቦች "ደህና ልጅ ነው፣ ግን ቀኝ ነው" ብለው ወደ ታች አውርደውታል። ሬይ እንደሚፈልገው ካወቁ ግን፣ ለምቀኝነትም ቢሆን ከፊቱ የሚያነሱት አይጠፉም።

ስለዚህ ዋሸ። "የምንፈልገው ፈጣኑን ኳስ ቀላቢ፣ ዴቮን ማርቻንድን ነው" ብሎ ለጋዜጠኞች ተናገረ። ለፀጉር አስተካካዩ ተናገረ። ምግብ ቤት ውስጥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በጎን ያሉት እንዲሰሙት፣ ሦስት ጊዜ ተናገረ።

ከሌሎቹ ሠላሳ አንድ ክለቦች አንዱም አላመነውም፤ ሬይን ያውቁታላ! ያመነችው አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ እሷም የክለቡ ባለቤት፣ የሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ወይዘሮ ኦጋስታ ፕሩይት። እውነቱን እንዳይነግራት፣ ለወይዘሮ ኦጋስታ የተነገረ ምስጢር እሁድ ከጸሎት በኋላ የከተማው ሁሉ ነው። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም።

በምርጫው ቀን ወይዘሮ ኦጋስታ በአንድ እጇ የቼሪ ፓይ፣ በሌላው የተጠቀለለ ጨርቅ ይዛ ስብሰባ ክፍሉ ገባች። ዳሪንም ተጋብዞ ጠረጴዛው ጥግ ተቀምጧል። የአንጥረኞቹ ተራ ደረሰ፤ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ወደ ታች መቁጠር ጀመረ። ኦቶን ማንም አልነካውም። ሬይ በደስታ ሊጮህ ምንም አልቀረውም።

ወይዘሮ ኦጋስታ ጨርቁን ዘረጋችው። ማሊያ ነው፤ ጀርባው ላይ በእጇ የሰፋችው "ማርቻንድ" የሚል ስም አለ።

"አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ" አለች። "ለእናቱም ደውዬላታለሁ።"

"ለእናቱ?" አለ ሬይ። "ወይዘሮ ኦጋስታ፣ ያ ወሬ እኮ... ለማሳሳት ነበር። የምንወስደው ኦቶ ሽሎተርቤክን ነው።"

"ማነው እሱ?"

"የቀኝ ጠባቂ ነው።"

"ጠባቂ! አንተ ሰውዬ፣ ሕዝቡ ትኬት የሚቆርጠው ጠባቂ ሊያይ ነው? ዘበኛ ማየት ካማረኝ ባንክ ቤት እሄዳለሁ።"

"ልጁ እየተሰበረብን ነው እኮ!"

"ልጁ ምን ሆነ? ይኸው ፓይ እየበላ! ዳሪን፣ አንተ ማንን ትፈልጋለህ?"

ዳሪን አፉን እንደሞላ፣ "ማርቻንድ ደስ ይላል" አለ። ሬይ ጭንቅላቱን ያዘ። የሚያድኑት ሰው ራሱ ገመዱን ሲቆርጥ ምን ይባላል? አራት ደቂቃ ቀረ።

"ሰማህ?" አለች ወይዘሮ ኦጋስታ። አሸንፋለችና ልጁን ልታመሰግነው በጠረጴዛው ዙሪያ ሄደች፤ ከኋላው በቀኝ በኩል መጥታ እጇን ትከሻው ላይ ጣል አደረገች።

ዳሪን ጠረጴዛው ሥር ገባ።

ወንበሩ ተገለበጠ። ልጁ የፓይ ሳህኑን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ተኝቷል። ቼሪው ሸሚዙ ላይ ፈሷል።

"ይቅርታ" አለ ከሥር። "ይቅርታ፣ ወይዘሮ ኦጋስታ። እርስዎ መሆንዎን አላወቅሁም።"

"አርባ ስምንት ኪሎ ነኝ እኮ" አለች። ወደ ሬይ ዞረች። "ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የሆነው?"

"ከጥቅምት ወዲህ። ሚስቱ በቀኙ መተኛት ትታለች።"

ወይዘሮ ኦጋስታ ቦርሳዋን ከፍታ መቀስ አወጣችና የማርቻንድን ስም ክር መተርተር ጀመረች።

"ደውል" አለች ሳታየው። "ስሙ ማን ነበር ያልከኝ?"

"ሽሎተርቤክ።"

"ይሄ ሁሉ ፊደል ለአንድ ሰው? በል ደውል፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው!"

ለማርቻንድ እናት ይቅርታ የጠየቀችው ራሷ ናት፤ ሬይ ጭራሽ አልደፈረም።

ኦቶ በማግስቱ መጣ። በሩን በጎኑ አለፈ። የማርቻንድ ስም የተተረተረበት ማሊያ ለቀላቢ የተለካ ስለነበር አንድ ክንዱ ብቻ ገብቶለት ቀረ፤ እሱ ግን አመስግኖ እንደዚያው ቀኑን ሙሉ ዋለበት። ወይዘሮ ኦጋስታ ለምሳ ከዳሪን በስተቀኝ አስቀመጠችው። ዳሪን እንደ ልማዱ ክንዱን በሳህኑ ዙሪያ አጥሮ መብላት ጀመረ። አንዴ ኦቶን አየው፣ አንዴ ሳህኑን አየ። ቀስ ብሎ ክንዱን አነሳ።

ወይዘሮ ኦጋስታ ሁለተኛ ቁራሽ ፓይ ይዛ፣ ረስታው ይሁን ሆን ብላ፣ ከኋላ በቀኝ በኩል መጣች። ኦቶ ማኘኩን ሳያቋርጥ፣ ዞሮም ሳያይ፣ ክንዱን ዘርግቶ መንገዱን ዘጋ።

"ኦቶ! ባለቤቷ ናት!" ብሎ ጮኸ ሬይ።

"ማንም ትሁን" አለ ኦቶ። "በግራ በኩል ይምጡ።"

ወይዘሮ ኦጋስታ ፓይዋን እንደያዘች ጠረጴዛውን ሁሉ ዞራ በግራ በኩል መጣች። ዳሪን ግርግሩን ሁሉ አንገቱን እንኳ አላዞረለትም፤ እየበላ ነበር።