ሣሩ ላይ የተተከለው ሰሌዳ

በእኛ ሰፈር ልጅ ኮሌጅ ሲገባ ደጅ ላይ ሰሌዳ ይተከላል። የጎረቤታችን የዊልማ ሰሌዳ «የወደፊቱ መሐንዲስ ትሬንት እዚህ ይኖራል» ይላል። እሱ ከተተከለ ጀምሮ ባለቤቴ ግሌንዳ እንቅልፍ አጥታለች፤ እሷ እንቅልፍ ስታጣ ደግሞ እኔንም አታስተኛኝም።

ልጃችን ማርኒ ቀለም መሸጫ ሱቅ ትሠራለች። አለቃዋ፣ «የሁለት ዓመት ዲግሪሽን በኦንላይን ተማሪ፤ ክፍያው በእኔ» ብሏታል። ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል፤ ካመለጣት ዕድሉም አብሮ ይቀራል። ችግሩ፣ ማርኒ ምን መሆን እንደምትፈልግ አታውቅም።

ግሌንዳ ግን ታውቅላታለች። ሰኞ ከሥራ ስመለስ «የወደፊቷ ነርስ ማርኒ እዚህ ትኖራለች» የሚል ሰሌዳ ሣሬ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

«ማርኒ ሰምታለች?» አልኳት።

«ከሥራ ስትመጣ ታነበዋለች።»

ከማርኒ በፊት ያነበቡት ሌላው ጎረቤታችን አቶ ኦርቪል ናቸው። በረንዳችን ላይ ተቀምጠው ካልሲያቸውን አውልቀው ጠበቋት።

«ነይማ ልጄ፣ ይቺን አውራ ጣት እስቲ እያት።»

ማርኒ ያበጠውን ጣት አየችና ራሷን ስታ እዚያው ዘፍ አለች። ውሃ ያጠጧት ራሳቸው በሽተኛው ናቸው፣ በአንድ እግር እያነከሱ።

ግሌንዳ ተስፋ የምትቆርጥ ሴት መስላችኋል? «ነርስ» የሚለውን በቀለም ሸፍና «የኮምፒውተር ባለሙያ» ብላ ጻፈችበት። ረቡዕ በረንዳዬ በተበላሸ ፕሪንተር ተሞላ። አንዷማ የኤሌክትሪክ የዳቦ መጥበሻ ይዛ መጣች። «ይሄ ኮምፒውተር ነው እንዴ?» ብላት፣ «ሶኬት የለውም?» ብላ ተቆጣችኝ።

ዓርብ ከሰዓት ማርኒ ላፕቶፑን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ከፍታ ተቀመጠች። እናቷ ከኋላዋ ቆማለች።

«አጠቃላይ ትምህርት ልመዝገብ ነው፣ እማ። ሁሉንም እየቀመስኩ ቆይቼ እመርጣለሁ።»

«አጠቃላይ? እሱን ደግሞ ሰሌዳ ላይ ምን ብዬ ልጻፈው? ዊልማ ምን ትለኛለች?»

ማርኒ ዞረች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ምን መሆን እንደምፈልግ አላውቅም። አለማወቅ ነውር ነው እንዴ?»

ግሌንዳ ላይ ልጮህ አፌን ስከፍት፣ እሷ ወንበር ስባ ልጇ አጠገብ ተቀመጠች።

«እኔ እኮ በአንቺ ዕድሜ አላውቅም ለማለት አፍሬ ነው የተገኘውን ሥራ ይዤ የቀረሁት» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «በዪ ተመዝገቢ።»

ማርኒ ተመዘገበች። ከግሌንዳ ጋር ይሄን ያህል ዘመን ስኖር እንደዚያ ቀን ኮርቼባት አላውቅም። ይህንንም ነገርኳት፤ «ዞር በል፣ ብሩሼን ልፈልግበት» አለችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሰሌዳው እንዲህ ይላል፦ «ማርኒ እዚህ ትኖራለች። ትምህርት ጀምራለች። ምን እንደምትሆን ገና አላወቀችም። በሽተኛም ዕቃም አንቀበልም።»

አላፊ አግዳሚው እያነበበ ሲስቅ ዋለ። ወደ ማምሻው በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ትሬንት ነው፣ የዊልማ መሐንዲስ። የእናቱን ቤት በቆረጣ አየና ጠጋ አለኝ።

«ጋሼ፣ ማርኒ አለች? ያ ምዝገባ... የምር ተዘጋ?»