አምስት የለመዱ ጣቶች

«ፈርሚ በቃ! ሁሉም ሰው ፈርሟል» አለ አጎቷ፣ ማመልከቻውን በሻይ ብርጭቆዎቹ መሀል እየገፋላት።

ሐዘን ከተቀመጡ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ሳሎኑ ከጎረቤት በተዋሷቸው ወንበሮች ተጣቧል። የእናቷን ቦርሳ ነጥቆ እናትየዋን ከእግረኛ መንገድ ላይ ገፍትሮ የገደላት ሰው በማግስቱ ተይዟል። አጎቷ ማመልከቻውን ነገ ለዐቃቤ ሕጉ ሊሰጥ ነው፤ የሟች ልጅ ፊርማ ከሌለበት ግን ከቁም ነገር አይቆጠርም ብለውታል።

ልጅቷ አነበበችው። «ሟች በሕይወት ብትኖር የምትመኘው ይህንኑ ነበር። ለሌሎች መቀጣጫ እንዲሆን እጅግ ከባዱ ቅጣት ይሰጥልን።»

«ጋሼ፣ እማዬ እንዲህ ተመኝታ አታውቅም።»

«እህቴን ካንቺ በፊት አውቃታለሁ!»

«ዕድሜ ልክም ያንሰዋል» አለ ጸጉር አስተካካዩ ጎረቤታቸው፣ ሦስተኛ ሻዩን እያማሰለ። «አንዱን ሰቅለው ቢያሳዩን ሌላው አርፎ ይቀመጥ ነበር።»

«የዛሬ ስድስት ዓመት ቅጣቱን ሦስት እጥፍ አድርገውት የለ? ማን አርፎ ተቀመጠ?» አለች ልጅቷ።

«ገና ስላላጠበቁት ነዋ!»

እንዲህ ያለውን ሰው ምን ይሉታል? መድኃኒቱ ካልሠራ መጠኑ ስላነሰ ነው ባይ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ይህንኑ ክርክር ከየወንበሩ ሰምታለች። ስለ እናቷ ያወራ ግን የለም።

እናቷ ሃያ ስምንት ዓመት ፍርድ ቤት ውሳኔ ስትተይብ ኖራለች። ሕጉ የተለወጠ ሰሞን፣ አንድ ቦርሳ ነጣቂ አሥራ አምስት ዓመት የተፈረደበትን ውሳኔ በልማድ «አምስት» ብላ ተየበችው። ዳኛው ሊፈርሙ ሲሉ አይተው መለሱላት። ቤት ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«በየቀኑ የምተይበው እኔ እንኳ ረሳሁት» አለች። «ቀማኛው አዋጅ አንብቦ ነው እንዴ የሚወጣው? አልያዝም ብሎ ነው የሚወጣው። የዚህኛውን አባት ውሳኔም እኔው ነኝ የተየብኩት።»

«ታዲያ ይለቀቅ ነው የምትይው?» ብላት ነበር ልጅቷ።

«ማን ይለቀቅ አለ? ይያዝ፣ ይታሰር። ዓመቱን ስላበዛን ሌላው ይፈራል ብላችሁ ግን አትሸንግሉኝ።»

አጎቷ እስክሪብቶውን ዘረጋላት። «ለእናትሽ ገዳይ ጠበቃ ልትቆሚ ነው? ዩኒቨርሲቲ የላክንሽ ለዚህ ነው?»

ያቃጠላት ይህ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ሰውየው እስር ቤት እንዲበሰብስ ስትመኝ ነው የሰነበተችው። ጥርሷን ስትቦርሽ ሳይቀር ትመኛለች። ይህ ማንንም እንደማያስፈራ ደግሞ ታውቃለች፤ የታይፒስት ልጅ ናት።

እስክሪብቶውን ወሰደች። «ሟች በሕይወት ብትኖር» ብሎ የሚጀምረውን ዓረፍተ ነገር ሰረዘችው። «ለሌሎች መቀጣጫ እንዲሆን» የሚለውንም ሰረዘችና ከላዩ በትንንሽ ፊደላት «እናቴ ስለናፈቀችኝ» ብላ ጻፈች። ፈረመች።

ጸጉር አስተካካዩ አንገቱን አስግጎ አነበበ። «ይሄማ ዳኛ ፊት አይቀርብም!»

አጎቷ ወረቀቱን አንስቶ አነበበው። ደግሞ አነበበው። ከዚያ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ ከራሱ ፊርማ ሥር አንድ ቃል ጨመረ፦ «እኔንም»።