የተቀቀለ ቀጋ

የከማለዲን ድድ መድማት የጀመረው በታሰረ በአምስተኛው ወር፣ በደርግ ጊዜ፣ በሰባ አንድ ዓ.ም. ነው። የየካ ሰው ነው፤ የጭነት መኪና ሾፌር። ጥፋቱ ምን ነበር? በዚያ ዘመን ደግሞ ጥፋት ማን ጠየቀ! ለሚስቱ ለሰዓዳም መታመሙን ማንም አልነገራትም፤ ዓርብ ዓርብ ለማጠብ ከምትቀበለው ፎጣ ላይ ደሙን አይታ አወቀች።

የሰፈሩን ሕመምተኛ የሚያክሙት ድሬሰር አቶ ወልደሰንበት ፎጣውን አገላብጠው አዩና፣ «ፍራፍሬ አጥቶ ነው፤ ብርቱካን አስገቢለት» አሏት። ብርቱካን! ስኳር እንኳ በቀበሌ በሚታደልበት ጊዜ ብርቱካን ከየት ይምጣ? ሰዓዳ ግን እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ ሴት አልነበረችም። እንጦጦ ወጥታ፣ ከራጉኤል በታች ካለው ቁጥቋጦ እጇ በእሾህ እስኪቦጫጨር፣ በብርቱካኑ ፋንታ ቀጋ፣ ያን ቀይ የዱር ፍሬ ለቀመች።

የቀጋ ፍሬ ውስጡ ፀጉራም ነው፤ ጉሮሮ ይቧጥጣል። ስለዚህ ግማሽ ቀን ቀቀለችው፣ በሻሿ አጠለለችው፣ የልጆቿን የወር ስኳር ጨመረችበት። የእስር ቤቱ ጠባቂ እንኳ ቀምሶ፣ «ይጣፍጣል እናቴ» አላት። ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ ተመላለሰች። የፎጣው ደም ግን ባሰበት። አንድ ዓርብ ደግሞ ፎጣው ውስጥ የተጠቀለለ ጥርስ አገኘች። ያ ረቢ! እዚያው መንገድ ዳር ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ጥርሱን ይዛ አቶ ወልደሰንበት ዘንድ ሮጠች።

«ምን ነበር የምታስገቢለት?» አሏት።

«ቀጋ ነዋ! ከብርቱካን ይበልጣል ይሉ የለ?»

«ይበልጣል እንጂ። እንዴት አድርገሽ?»

«ደህና አድርጌ ቀቅዬ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። «አዬ ልጄ! የተላጠ ሙዝ ሎሚ ካስነካሽው ቶሎ አይጠቁርም አይደል? ፍሬው ውስጥ ያለው ነገር ሰውነትንም እንዲሁ ከመበላሸት ይጠብቃል። ቫይታሚን ሲ ይሉታል። እሳት አይችልም፣ ይሞታል። ጥሬውን ነበር።»

«ታዲያ ያኔ ምነው አልነገሩኝ?»

«እኔ ብርቱካን ነው ያልኩሽ! ብርቱካን የሚቀቅል ሰው አለ?»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሁለት ወር ሙሉ ባሏን ቀይ ውሃ ስታጠጣው ኖራለች! በራሷ ተናደደች፣ በሽማግሌው ተናደደች፣ በስኳሩ ሳይቀር ተናደደች። በማግስቱ ማለዳ እንጦጦ ወጣች። ወፍ ያስተረፈው ጥቂት ነበር፤ ሁለት እፍኝ ለቅማ እያንዳንዷን ሰነጠቀች፣ ፀጉሩን በጥፍሯ አወጣች፣ አጥባም በሳህን ይዛ እስር ቤቱ በር ላይ ደረሰች።

ጠባቂው ሳህኑን አየና ራሱን ነቀነቀ። «ጥሬ ነገር አይገባም እናቴ። የተፈቀደው የበሰለ ብቻ ነው።»

«ወላሂ ፍሬ ነው! ይኸው፣ ልብላልህ» ብላ ሁለት ጎረሰች።

«ፍሬ መሆኑ መች ጠፋኝ? እኔኑ ያስሩኛል እኮ።»

«ጥርሱ እየረገፈ ነው ልጄ! ይሞትብኛል!»

ልጁ ክፉ አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይሻላት ነበር፤ ረግማው ይወጣላት ነበር። ግራ ቀኝ አየና ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንደ ወትሮው ቀቅለሽ አምጪው፤ በገዛ እጄ አደርስልሻለሁ።»

«አላህ ይስጥህ ልጄ» ብላ ሳህኗን ይዛ ተመለሰች።