ሳትሰበር የከረመች መስታወት

እናቴ ቤት የተሰበረ ነገር ውሎ አያድርም። ብርጭቆ ከወደቀ ድምፁ ከጆሯችን ሳይወጣ ስብርባሪው ተጠርጎ ሌላ ይተካል። አባቴና አጎቴ ተኳርፈው በኖሩባቸው ዓመታትም እንዲሁ ነበረች፤ አንዱ ያላለውን ሰላምታ ለሌላው ታደርሳለች። «ወንድምህ ጉንፋን እንደያዘህ ሰምቶ እንዴት እንዳዘነ!» ትለዋለች አባቴን። አጎቴ ስለ ጉንፋኑ አልሰማም፤ ቢሰማም አያዝንም።

እኔ ከዚህ ሁሉ ርቄ ሕንፃ ምህንድስና ተምሬ ተመለስኩ። በተመለስኩ ሰሞን እናቴ በምትተኛበት ክፍል፣ ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ ወደ አልጋዋ ራስጌ የሚወርድ ስንጥቅ አየሁ። ክፍሉን የሠራላት ታላቅ ወንድሜ ነው። ሙያው መስታወት ቆራጭነት ቢሆንም ብሎኬቱን በገዛ እጁ ደርድሮ ነው የጨመረላት። ይህን እያወቅኩ፣ ምሳ ላይ፣ «ያ ግድግዳ መፍረስ አለበት» አልኩ።

ወንድሜ ማንኪያውን አስቀመጠ። «እዚያ ማዶ ያስተማሩህ ማፍረስ ነው?»

«ወንድምጋሼ፣ መሠረቱ እየሰመጠ ከሆነ…»

«ከሆነ! ሰማሽ እማዬ? ‹ከሆነ› ብሎ ነው የእኔን ግድግዳ የሚያፈርሰው።»

አልተሳሳተም፤ እርግጠኛ አልነበርኩም። ስንጥቅ ሁሉ አይሄድም፤ አንዳንዱ አንዴ ተሰንጥቆ ዕድሜ ልኩን እንደዚያው ይቆማል። ስለዚህ በሙያችን የሚደረገውን አደረግኩ። ጣት የምታክል ስስ መስታወት ስንጥቁን አሻግሬ በሁለት ጫፏ በጄሶ ለጠፍኳት። ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ትሰበራለች፣ ካልተንቀሳቀሰ አትሰበርም። ለሁለቱም አስረዳኋቸው። ከተሰበረች እንደምናፈርስ፣ ካልተሰበረች አፌን እንደምይዝ ለወንድሜ ቃል ገባሁለት። ከዚያ ወዲህ ከእግዜር ሰላምታ ያለፈ አልተነጋገርንም።

ዝናቡ ገባ። ከሥራ ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ ሄጄ አያታለሁ፤ ደህና ናት። በነጋታውም ደህና ናት። መስኮቱ ግን አልዘጋ ማለት ጀመረ። መጀመሪያ ጥፍሬን የማያስገባው ስንጥቅ አሁን ሳንቲም ይውጣል። መስታወቷ ምንም እንዳልተፈጠረ ታበራለች። ዓይኔን ተጠራጠርኩ፤ ቀጥሎ የተማርኩትን። መጽሐፎቼን አውጥቼ እንደገና አነበብኩ፤ ሁሉም መሰበር አለባት ይላሉ። መሥሪያ ቤት የምፈርምበትን ንድፍ ሁሉ ሁለት ጊዜ ማየት ጀመርኩ፤ አለቃዬ «ምን ሆነሃል?» እስኪለኝ ድረስ።

«እማዬ፣ ለማንኛውም እኔ ክፍል ተኚ።»

«መስታወትህ ምን አለች?»

«ደህና ናት።»

«እንግዲያው እኔም ደህና ነኝ።»

አንድ እሁድ ወንድሜ መጣና ሳይቀመጥ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ከኪሱ አውጥቶ ለእናቴ ዘረጋላት። በዓይኗ ጠቀሰችው፤ አልገባውም።

«እንቺ፣ ያዘዝሽኝን። ግን እማዬ፣ ምን ዓይነት ፎቶ ነው ያለሽ? አባታችን ጣት ያክል ነበር እንዴ?»

«ምንድን ነው እሱ?» አልኩ።

«የፎቶ መስታወት ነዋ። በየጊዜው ተሰበረብኝ ትላለች። ይቺ ሴትዮ ፎቶ ትሰቅላለች ወይስ ትወግራለች?»

ጋዜጣውን ፈታሁት። ስስ፣ ጣት የምታክል መስታወት። ተነስቼ ወደ ክፍሏ ሄድኩና ግድግዳው ላይ ያለችውን ጫፏን በጥፍሬ ነካሁ። ጄሶው ገና አልደረቀም።

«እማዬ!»

«አትጩህ፤ ጎረቤት ይሰማል» እያለች ተከተለችኝ፤ ወንድሜም ከኋላዋ።

«ስንቴ ቀየርሻት?»

«እኔ ምን አውቄ? በተሰበረች ቁጥር።»

«ቢወድቅብሽስ?»

«ብትሰበር አንተ ‹አላልኩህም?› ልትለው፣ እሱ በዚያው እግሩን ሊቆርጥ። አባትህና አጎትህ ሳይታረቁ ነው ያለፉት። በመሃል ውሸት ሳመላልስ አረጀሁ፤ ለእናንተም እንደገና ልጀምር? ግድግዳ እንደሆነ ይጠገናል።»

«እኛ እንዳንጣላ ብለሽ ራስሽ ላይ ይናድ?»

«አልተናደም።»

ወንድሜ አልፎኝ ስንጥቁን ዳሰሰ። ጣቱ እስከ አንጓው ገባ። ለግድግዳው ጥብቅና ይቆማል ብዬ ስጠብቅ ወደ እኔ ዞረ።

«ኢንጂነሩ! ስንጥቁ እንዲህ አፉን ከፍቶ አንተ መስታወት ታያለህ?»

«አንተስ? ጣት የሚያክል መስታወት ስትቆርጥ ስትከርም ለምን ነው አትልም?»

«እናቴን ልመርምራት?»

«እኔስ እናቴን ልጠርጥራት?»

ወንድሜ የአልጋዋን ግርጌ ያዘ። «አልጋውን ያዝ» አለኝ።

በሩ ላይ ስንደርስ አልጋው ተቀረቀረ።

«ራስጌውን አንሣው!»

«አንስቻለሁ፤ አንተ አዙረው!»

«ማፍረስ እንጂ ማንሣት አላስተማሩህም?»

«አንተ ግድግዳ ሠርተህ ሞተሃል!»

ያን ሁሉ ጊዜ በሰላምታ ሸፍነን ያከረምነው ወጣ። እኔ ሳልጠይቀው ልፈርድበት መምጣቴ፣ እሱ አንድ ቃል ተነገረኝ ብሎ ፊት መንሳቱ፣ ማን ቤቱን ሲሸከም ማን ማዶ እንደነበረ፤ አልጋው በመሃላችን ተቀርቅሮ፣ እጃችን እየዛለ፣ ሁሉንም ተባባልን። አንዳችንም ግን አለቀቅንም።

እናቴ ሮጣ መስኮቱን ያዘች። «ኧረ ቀስ በሉ! ጎረቤት ይሰማል!»

«ይስማ!» አልን ሁለታችንም።

መስኮቱን ገፋችው። አልዘጋም፤ ግድግዳው አጣሞታል። በትከሻዋ ገፋችው። ከዚያ እጇን አወረደች፣ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ፣ «በጎን አድርጉታ!» ብላ እሷም ጮኸችብን።