የሮኒል ጥርስ የተነቀለ ዕለት

ሊቲያና ከአጎቷ ልጅ ከኢሲኬሊ ጋር አንድ ክፍል ትማራለች፤ ግን አታናግረውም። ተጣልተው አይደለም። አባቶቻቸው ወንድማማቾች ናቸው፤ በካንዳቩ ደሴት ወግ ደግሞ የወንድማማቾች ልጆች እህትና ወንድም ናቸው፤ እህትና ወንድም ካደጉ በኋላ ፊት ለፊት አይነጋገሩም። መከባበር ነው። ሰው ዋና ከተማው ሱቫ ድረስ መጥቶ ዩኒቨርሲቲ ቢገባም ወግ ያው ወግ ነው።

የትይዩ ኮምፒዩቲንግ ማጠቃለያ ፈተና ነገ ነው። ሊቲያና አምና በዚሁ ኮርስ ወድቃለች፤ ዘንድሮም ከወደቀች የመንግሥት ድጎማዋ ይቋረጥና ሻንጣዋን ይዛ በጀልባ ወደ ደሴቷ መመለሷ ነው። የጣላት አንድ ርዕስ ነው፦ አብረው የሚሠሩ ፕሮግራሞች እርስ በርስ ሲጠባበቁ ሁሉም ቆመው የሚቀሩበት መቆላለፍ። እሱን ደግሞ እንደ ኢሲኬሊ የሚያውቀው የለም።

ስለዚህ ጓደኛቸው ሮኒል መሃል ተቀምጦ መልእክት ሲያመላልስ ከረመ። ታዲያ ሮኒል ከራሱ ጨው ጣል ሳያደርግ አይሆንለትም። ኢሲኬሊ ምዕራፍ አምስትን ታንብብ ካለ፣ እሷ ዘንድ ሲደርስ «አንብቢ፣ ማዛጋቱንም ተዪ ብሏል» ይሆናል።

ዛሬ ግን ሮኒል ጥርሱን አስነቅሎ፣ ጉንጩ አብጦ፣ አፉ በጥጥ ተሞልቶ መጣ። መናገር አይችልም። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንደ ልማዳቸው ሮኒልን መሃል አድርገው ተቀመጡ።

ኢሲኬሊ ጉሮሮውን ጠራረገና ያንን ያበጠ ጉንጭ እያየ ጀመረ።

«ሮኒል፣ ስማኝማ። ሁለት ሰዎች ዓሣ መጥበስ ፈለጉ እንበል። አንዱ መጥበሻውን ይዟል፣ ሌላው ዘይቱን። ሁለቱም የያዙትን አይለቁም፤ ሌላው እስኪሰጥ ይጠብቃሉ።»

«ሮኒል፣ ታዲያ ማን ይልቀቅ?» አለች ሊቲያና ለዚያው ጉንጭ።

ኢሲኬሊ ረጅም መልስ ሰጠ። ሮኒል አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ሲዞር አንገቱ ዛለ። ሊቲያና ግን አልገባትም። ወንድምን ደግሞ ደጋግሞ መጠየቅ ነውር መሰላት።

«ሮኒል፣ ገብቷታል በለው» አለች ጣቶቿን እያፍተለተለች። አምናም አስተማሪዋን እንዲሁ ብላ ነው የወደቀችው።

ኢሲኬሊ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ሊቲያና፣ አልገባሽም» አላት ፊቷን እያየ። ካደጉ ወዲህ ስሟን ጠርቶ አያውቅም። «እኔን ከምታከብሪኝ ብታልፊ ይሻለኛል። ጠይቂኝ።»

ፊቷ ጋለ። አፈረች፤ ደስም አላት። ዓይኗን መጽሐፉ ላይ ተክላ፣ «አልገባኝም ወንድሜ» አለችው፤ «ከመጀመሪያው ንገረኝ።»

ሮኒል ወንበሩን ቀስ አድርጎ ከመሃላቸው አወጣ።