የተጋማሾች ምስክር

ለጥያቄው ሦስተኛውን የድምር ምስክር ስትጽፍ ጠመኔው ተሰበረ። ሰብሌ ጎንበስ ብላ ስባሪውን ከሲሚንቶው ላይ አነሣች። ሰሌዳው ላይ ሁለትና አራት ስድስት፣ ስድስትና ዐሥር ዐሥራ ስድስት፣ ሃያና ሠላሳ ኀምሳ ብላ ጽፋለች። ጥያቄው አንድ ነበር፤ ሁለት ተጋማሽ ቁጥሮች፣ እኩል ለሁለት የሚከፈሉ ማለት ነው፣ ሲደመሩ ድምሩ ሁልጊዜ ተጋማሽ መሆኑን አረጋግጪ።

«ጨረስኩ፣ መምህር» አለች።

መምህር አህመዲን ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አነበበ። በዕድሜ ታናሿ ነው። የመካነ ሰላም የክረምት ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ይህ የቃል ፈተና የመጨረሻ ዕድሏ ነው። አምና በሒሳብ ወድቃለች፤ ዛሬም ከወደቀች የመምህርነት ሥልጠናዋ እዚህ ላይ ያበቃል። ጅዳ ያሠራቻት እመቤት ተመለሺ ብላ በደላላ ልካባታለች፣ ፓስፖርቷም ታድሷል። ልጇን አልታዬን ከላላ ወረዳ እናቷ ዘንድ ትታ ስትሄድ ሕፃኗ ጡት እንኳ አልጣለችም ነበር። አሁን አድጋ «እማዬ» የምትለው አያቷን ነው። ሰብሌን እንደ እንግዳ «እርስዎ» ትላታለች።

«ሦስት ምስክር አቆምሽልኝ» አለ አህመዲን በመጨረሻ። «አንዱም አልዋሸም። ያልጠራሻቸውስ?»

ሰብሌ ደነገጠች። አባቷ አቶ አበጋዝ ዕድሜያቸውን በሽምግልና የጨረሱ ሰው ነበሩ። የወሰን ክርክር ሲመጣ ቂም የሌለባቸው ሦስት ሰዎች «ድንጋዩ እዚህ ነበር» ብለው ከማሉ ነገሩ ይጸናል፤ ተከሳሹም ከሳሹም ወደ እርሻው ይመለሳል። አራተኛ ምስክር የጠየቀ ሰው ሽማግሌዎቹን እንደ ናቀ ይቆጠር ነበር። እውነት የሚቆመው በዚህ ነው ብላ ነው ያደገችው።

«ጥቂት ልጨምር?»

«ጨምሪ፤ ያልጠራሽው ግን አያልቅም። ቁጥር እንደ ገበያ ሰው ሲመሽ አይበተንም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አብሽሪ፣ እትዬ ሰብሌ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አምጪልኝ።»

ማለቂያ የሌለው ሕዝብ አንድ ሰሌዳ ላይ እንዴት ይቆማል? ሲጨንቃት እንደምታደርገው በልቧ ጸሎት ጀመረች፤ ጅዳ የወጥ ቤቱን በር ዘግታ የምትደግመውን። «እኔን አገልጋይህን እገሌን ማረኝ» ከሚለው ስትደርስ የክርስትና ስሟን ልታስገባ ነበር፤ ቆመች። ጸሎቱን የጻፈው ሰው እሷን አያውቃትም። ገና ያልተወለዱትንም አያውቃቸውም። ቦታ ትቶላቸዋል እንጂ። ማንም ስሙን ይዞ ቢገባበት ጸሎቱ ያው ነው።

«እገሌ ልበለው?» አለች።

«ማንን?»

«ቁጥሩን። በጸሎት መጽሐፋችን ስም በሚገባበት ላይ እገሌ ይላል።»

አህመዲን እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እኛም ፉላን እንላለን። ቀጥዪ።»

ተጋማሽ ማለት የአንድ ቁጥር እጥፍ ነው። አንደኛው የእገሌ እጥፍ፣ ሌላው የእገሊት። እገሌን «ሀ»፣ እገሊትን «ለ» አለችና 2ሀ + 2ለ ብላ ጻፈች። የጋራ የሆነችውን ሁለትን ወደ ውጭ አወጣች፤ ሀንና ለን በቅንፍ ሰበሰበቻቸው፤ 2(ሀ + ለ)። ማንም ይሁኑ ማን፣ ድምራቸው እጥፍ ሆኖ ወጣ።

«እሺ፣ እኩል ለሁለት የማይከፈሉት ጎዶሎዎቹስ?» አለ አህመዲን። «ሁለት ጎዶሎ ሲደመር ሁልጊዜ ጎዶሎ ይሆናል ብሎ የሚከራከር ቢመጣ ምን ትይዋለሽ?»

ሦስትና አምስት ስምንት እንደሚሆን ታውቃለች። ግን አሁን ምስክር በመጥራቷ አልነበር መምህሩ የመለሳት? ዳግመኛ እገሌን ትጥራ? ወጥመድ ይሆን? ጠመኔውን ሰሌዳው ላይ አስደግፋ ቆየች። ሰውየው ያለው «ሁልጊዜ» ነው። ሁልጊዜ ያለ ሰው አንድ ቀን ከተገኘበት…

3 + 5 = 8 ብላ ጻፈችና ጠመኔውን አስቀመጠች።

«አንድ ብቻ?»

«ለማጽናት ሁሉም ያስፈልጋል። ለማፍረስ አንድ ይበቃል» አለች። ድምጿን ራሷም አላመነችው።

አህመዲን የውጤት ወረቀቱን በመዳፉ ከልሎ አንድ ነገር ጻፈ። «ውጤቱ ማታ ይነገራል። ይሄነውን ጥሪልኝ።»

ተረኛው ይሄነው በረንዳው ላይ ከዝናቡ ተጠልሎ ነበር። «እትዬ፣ ፊትሽ ሳይባዘት የቀረ ጥጥ መሰለ። ፈተናውን በላሽው ወይስ እሱ በላሽ?»

«እንጃ። ግባ፣ ይጠብቅሃል።»

በሩ ተዘጋ። መሄድ አቃታት። በመስኮቱ ስታይ አህመዲን ደስተሩን አንስቶ ሰሌዳው ፊት ቆሟል። ክንዱን ዘረጋና ከላይ የጻፈቻቸውን ሦስቱን ድምሮች በአንድ ጊዜ ጠረጋቸው። እገሌና እገሊት ሀና ለ ሆነው ከተጻፉበት ሲደርስ እጁ አየር ላይ ቀረ። ሰብሌ የመስኮቱን ብረት ጨብጣ፣ ዝናቡ ጀርባዋን እያራሰው፣ እጁ እስኪንቀሳቀስ ጠበቀች።