ስምንት ትርፍ፣ አንድ ጎደሎ

የግምጃ ቤቱ ሹም ጋሼ እንዳላማው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ የክሊራንሱን ወረቀት በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ስምንቱን ኮምፒውተሮች ከበሩ እስከ መስኮቱ አንድ በአንድ አዩና «አንድ ክላስተር ይጎድላል» አሉ።

የኮምፒውተር ባለሙያዋ የብርጓል የቀለዱ መሰላት። «ጋሼ፣ ፊትዎ ተደርድሮ የለም እንዴ?»

«ፊቴ ያለው ስምንት ኮምፒውተር ነው።»

«እኮ! እሱ ነዋ ክላስተሩ።»

«እንግዲያ ሲሠራ አሳዪኝ።»

አይሠራማ! ስምንቱም ይበራሉ፣ ይጠፋሉ፤ እያንዳንዳቸው ለየራሳቸው ደህና ናቸው፤ አንድ ላይ መሥራት ግን ከግንቦት ወዲህ ትተዋል።

«ስለዚህ በስምሽ ወጪ የሆነው ክላስተር የለም፤ ጎደሎ ነው» አሉ ጋሼ እንዳላማው፣ ከንፈራቸውን እየመጠጡ። «እነዚህ ስምንቱ ደግሞ መዝገብ ላይ የሉም፤ ትርፍ ናቸው። ከየት እንዳመጣሻቸው በጽሑፍ ትገልጫለሽ።»

ወይ ጉድ! ሰው በአንድ ጀንበር ዕቃ አጎደልክም፣ ዕቃ አተረፍክም ተብሎ ይጠየቃል? የብርጓል ግን ተጠየቀች፤ ያውም በሕዳር ሚካኤል ዕለት፣ ከተማው ቆሻሻውን ሰብስቦ እያቃጠለ ጭሱ በመስኮት ሲገባ፣ ከዚያ ክፍል ለመውጣት አሥራ ስምንት ቀን ሲቀራት።

ጥፋቱ የማን ነው ካላችሁኝ የራሷ ነው። ብወዳትም አልዋሽላትም።

ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ባለው የዘር ምርምር ጣቢያ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆና ተቀጥራለች። ተመራማሪዎቹ በአምበርና በደብረ ኤልያስ ማሳዎች የዘሩትን የስንዴ ዓይነት ውጤት አንድ ኮምፒውተር ላይ ሲያሰሉ ዘጠኝ ቀን ይፈጅባቸው ነበር፤ በስድስተኛው ቀን መብራት ይጠፋና እንደገና «ሀ» ብለው ይጀምራሉ። ስምንት ያገለገሉ ኮምፒውተሮች በእርዳታ መጡ። የብርጓልም የዓለም በጎ ፈቃደኞች ተባብረው የሚያዘጋጁትን፣ ማንም በነፃ የሚጭነውን ሊኑክስ ጫነችባቸው። በዚያ ሊኑክስ ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ፕሮግራሞች፣ ጥቅል ጥቅል ሆነው፣ ለጠየቀ ሁሉ ይሰጣሉ። ከነዚያ ጥቅሎች አንዱ ሥራን ለብዙ ኮምፒውተሮች አካፍሎ ውጤቱን መልሶ የሚሰበስብ ነበር። ዘጠኝ ቀኑ ወደ አንድ ቀን ተኩል ወረደ። ተመራማሪዎቹ እልል አሉ፤ እሷም ሁለት ስንዝር ከፍ አለች።

ጋሼ እንዳላማው ዕቃውን ሊመዘግቡ ሲመጡ ያ ከፍታ አልወረደላትም ነበር።

«ክላስተር ይባላል ጋሼ። ደቦ በሉት! ስምንት ሆነው አንድ ማሳ ያጭዳሉ። ስምንት ብለው እንዳይጽፉብኝ፤ አንድ ናቸው!»

ጋሼ እንዳላማው ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት ቅኔ ቤት ያደጉ ሰው ናቸው። ሳቁና «ሦስቱ አንድ መሆናቸውን ያመንኩ ሰው ስምንቱ አንድ ቢሆኑ ምን ይደንቀኛል! ሎቱ ስብሐት!» አሉ፤ በዚያ የቁም ጸሐፊ በሚመስል እጃቸውም የዕቃ ወጪ ማድረጊያው ሞዴል 22 ላይ «ክላስተር፣ ብዛት 1» ብለው ጻፉ። ፈረመች፣ ተሳሳቁ፣ ተለያዩ።

ባለፈው ግንቦት መብረቅ ወርዶ ከስምንቱ የመሪውን ኮምፒውተር ዲስክ አቃጠለው። ዲስኩ ተቀየረ። የብርጓልም «መቼስ እጄን ካስገባሁ» ብላ ስምንቱንም አጽድታ አዲሱን የሊኑክስ ዕትም ጫነችባቸው። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! አዲሱ ዕትም ያማረ ነበር፣ ፈጣን ነበር፤ የክላስተሩን ጥቅል ስትጠይቀው ግን «በዚህ ስም የሚታወቅ ነገር የለም» አላት። ስሙን ለዋውጣ ጠየቀች። የካርታ ጨዋታ አለ፣ የከዋክብት ካርታ አለ፣ የሙዚቃ ኖታ መጻፊያ አለ፤ እሱ የለም። ያን ሰሞን ዋናው ተመራማሪ ለትምህርት ውጭ አገር ሄዶ ስለነበር «የት ደረሰ?» ያለ አልነበረም። እሷም ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያለች ስድስት ወር ተኛችበት።

ከዚያ ጎንደር የሚገኝ አንድ ሆስፒታል ለሥራ ተወዳድራ ማለፏ ተነገራት። ባሏ ሙላት ጎንደር መምህር ነው። ከተጋቡ አራት ዓመት፣ አብረው የኖሩት ግን ክረምት ክረምቱንና ጥምቀትን ነው። የሁለት ዓመት ልጃቸውን ሔዋንን «አባትሽ የታለ?» ሲሏት ሮጣ ስልክ ታመጣለች። የማንንም ስልክ! የጎረቤት ስልክ ሲጮህ እንኳ «አባዬ!» ትላለች። ሰው ይስቃል፤ የብርጓል ግን በዚህ ነገር መሳቅ ካቆመች ቆይታለች። ሆስፒታሉ እስከ ሕዳር ሠላሳ መልቀቂያዋን ይዛ ካልቀረበች ቦታውን ለተጠባባቂው እንደሚሰጠው ጽፎላታል። መልቀቂያ ያለ ክሊራንስ የለም። ክሊራንስ ደግሞ ያለ ጋሼ እንዳላማው ፊርማ የለም።

ዳይሬክተሩ ዶክተር ዓለምነው ዘንድ ሄደች። «እኔ የዘር ሰው ነኝ የብርጓል፤ ንብረት የሳቸው ነው» አላት፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ።

ጋሼ እንዳላማው ዘንድ ተመለሰች። «አንድ የሚለውን ስምንት ብለው ያስተካክሉልኝ፤ ምን አለበት?»

«ሞዴል ይሰረዛል እንዴ ልጄ? ከኔ በፊት የነበረው ሰው በአንድ ስርዝ ሁለት ዓመት ታስሯል። ኮሚቴው ከወሰነ አደርገዋለሁ።»

«ኮሚቴው መቼ ይሰበሰባል?»

«የካቲት።»

ቁጭ ብላ አለቀሰችና ተነሳች። የተዘጋ በር ፊት ስንት ቀን ይቆማል? ሊኑክሱን የሚያዘጋጁት ሰዎች የሚነጋገሩበት የኢሜይል መድረክ አለ። በሕይወቷ ጽፋላቸው አታውቅም። ያን ቀን ጻፈች፦ «ጥቅሉ የት ሄደ? እባካችሁ፣ በጣም ያስፈልገኛል።»

በሦስተኛው ቀን አንድ የማታውቀው ሰው ከፊንላንድ መለሰላት። ጥቅሉን በፈቃደኝነት ሲጠብቅ የኖረው ሰው ትቶት ሄደ አላት። አዲስ ተረካቢ ፍለጋ ስድስት ወር ጠየቅን፤ «የሚጠቀምበትስ አለ?» ብለንም ጠየቅን፤ አንድ ነፍስ አልመለሰም። ጠባቂ የሌለው፣ ፈላጊም የሌለው ነገር ነው ብለን ከአዲሱ ዕትም አወጣነው።

የብርጓል ደብዳቤውን አንብባ ፊቷ ጋለ። ሦስት ዓመት ሙሉ ተጠቅማበታለች፤ «አለሁ» ለማለት አንድ መስመር አልጻፈችም። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል፤ እሷ ባለቤት መሆኗንም አላወቀችም።

ሰውየው ግን ደግ ነው። የጥቅሉን ምንጭ ኮድ ከነማስተካከያው ላከላትና እንዴት ለአዲሱ ዕትም እንደምታዘጋጀው ተራ በተራ ጻፈላት። በመጨረሻም ጠየቃት፦ ተረካቢ ትሆኚልናለሽ? ከሆንሽ በሚቀጥለው ዕትም ለሁሉም ሰው ይመለሳል።

«እጅግ አመሰግናለሁ» ብላ መለሰች። «ለጊዜው ግን ብዙ ሥራ አለብኝ።»

እንግዲህ ምን ትሉታላችሁ! ከገደል የሚያወጣትን ገመድ በአንድ እጇ ይዛ በሌላው «አልጨብጥም» አለች። ግን የምታስበው ስለ ሔዋን ነበር፤ ያንንም እወቁላት።

አሥር ቀን ሠራች። መብራት ሲኖር ትሠራለች፣ ሲጠፋ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ቀን ትቆጥራለች። አንዱን ስህተት ስታርም ሁለት ይወልዳል። ሙላት በየቀኑ እየደወለ «ደረሰ?» ይላታል፤ እሷ «ሊደርስ ነው» ትለዋለች፤ ሔዋን ስልኩን ነጥቃ ትስመዋለች። አንድ ቀን ሙላት ተናዶ «ለመሆኑ መምጣት ትፈልጊያለሽ?» አላት። ስልኩን ዘግታበት የስምንቱን ኮምፒውተሮች ጉርምርምታ ስታዳምጥ ዋለች። ግድግዳው እየቀረባት የሚመጣ ይመስላት ነበር።

ሕዳር ሃያ ሰባት፣ ከምሳ በኋላ፣ የድሮውን የስንዴ ስሌት ሰጠችው። ስምንቱም ባንድ ጊዜ ጮኹ። ሠራ!

ሮጣ ጋሼ እንዳላማውን ጠራቻቸው። መጡ፣ ወንበር ስበው ተቀመጡ፣ ቁጥሮቹ ከስምንቱ እየመጡ አንዱ ላይ ሲሰበሰቡ እስኪበቃቸው አዩ። «አንድ» አሉና «ተገኝቷል» ብለው ጻፉ።

«እሰይ! ይፈርሙልኛ!»

«እፈርማለሁ። ተረካቢሽን አምጪ።»

«የምን ተረካቢ?»

«በማን ስም ላዙረው ልጄ? ዕቃ አየር ላይ አይንጠለጠል።»

ክፍሉን የሚጋራት ባለሙያ ቢተው የሚባል ሰው ነው። ምሳ ጋብዛው ለመነችው። ጥብሱን በላና ራሱን ነቀነቀ። «ባልበላሁ ኖሮ ደስ ባለኝ! ነገ መብራት ሲጠፋ ቢፈርስ አንድ ክላስተር ጎደለብህ ሊሉኝ? እህቴ ብትሆኚም አልፈርምም። ደሞ ብዙ ሥራ አለብኝ።»

የገዛ ቃሏን ከሰው አፍ ሰማች። ሌሎቹንም ዞረች። ሁሉም ክላስተሩን ያደንቃሉ፤ የሚፈርምለት አንድ ሰው ጠፋ። ሲበላሽ ጎደሎ ነው ብለው ያዟት፤ ሲሠራ ደግሞ የሚቀበላት አጣች።

ሕዳር ሃያ ስምንት ከሰዓት በኋላ ግምጃ ቤት ገባች። ነገ ንጋት ላይ አውቶቡስ ካልያዘች አበቃ። ጋሼ እንዳላማው በመደርደሪያዎቹ መካከል ቆመው የጀርባ መርጫ ይቆጥራሉ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ልብ የለዎትም!» ብላ ጮኸችባቸው። እንዲህ ለሽማግሌ ተናግራ አታውቅም፤ ድምፅዋ ራሷን አስደነገጣት፤ ግን አላቆመችም። «ማታ ቤትዎ ሲገቡ ሚስትዎ ይጠብቁዎታል! የኔ ልጅ አባቷን በስልክ ነው የምታውቀው! በአንድ ወረቀት አሰሩኝ!»

አልተቆጧትም። መርጫውን አስቀምጠው መሳቢያቸውን ከፈቱና የታጠፈ ደብዳቤ ሰጧት። የጡረታ ደብዳቤ ነው። ቀኑን አየችው፤ ሦስት ዓመት አልፎታል።

«የኔአለም ደብረ ኤልያስ ናት» አሉ፤ ሚስታቸውን ነው። «ብቻዋን ታሳርሳለች፣ ብቻዋን ታሳጭዳለች። እኔ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው የማያት። ግምጃ ቤቱን የሚረከበኝ አጥቼ በየስድስት ወሩ ያራዝሙኛል። ይህን ሁሉ ዝገት ማን ይፈርምበት? ዘንድሮ ሥራነሽ የምትባል ልጅ ተቀጥራ ቆጠራ ጀምራልኛለች። የማላውቀው ዕቃ ካለ ግን አልፈርምም ብላለች፤ እውነቷን ነው። እስካሁን የማታውቀው ዕቃ አላገኘችም። ለጥር እወጣ ነበር።»

የብርጓል አፈረች። መሬት ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች።

ጋሼ እንዳላማው ወረቀቱን ከእጇ ወሰዱ፣ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ፣ «ተረካቢ» ከሚለው ፊት ለፊት በዚያ ባማረ እጃቸው የራሳቸውን ስም ጻፉና ፈረሙ።

«ጋሼ… ሥራነሽስ?»

«እለምናታለሁ። እንቢ ካለችም ምን ይደረጋል፤ እኔ ለምጄዋለሁ፤ አንቺ ግን ገና ልጅ ነሽ። ሂጂ፣ መዝገብ ቤት ሳይዘጋ ማኅተሙን አስደርጊ።»

«ይተዉት ጋሼ፣ ይሰርዙት» ማለት ነበረባት። አላለችውም። ጉልበታቸውን ስማ ወረቀቱን ተቀበለችና ወጣች፤ በረንዳው ላይ ስትደርስ መሮጥ ጀመረች።

«የብርጓል!» ሲሉ ሰማቻቸው ከኋላዋ። «ኧረ የኔ ልጅ! መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ከስምንቱ በየትኛው ነው የሚጀመረው?»

መዝገብ ቤቱ ሊዘጋ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። አልዞረችም።